ለመስኖ ሽንኩርት የሚበቃው ውኃ ምን ያህል ነው?

አዲ አርቃይ፦ ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ተጓዥ ከብርዳማው ደጋ ወደ ሞቃታማው ቆላ ይደርሳል። በዚህ የሰሜን ጎንደር ቆላማ ክፍል እንደ ዛሪማ ባሉ ወንዞች ዳር የሚለማ የመስኖ ሽንኩርት የሚፈተነው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ፀሐዩ ይበረታል፤ ወንዙ ይቀንሳል፤ የውኃ ተራም ይራዘማል። ተራው የደረሰው ገበሬ ታዲያ "እስከሚቀጥለው ያቆይልኛል" በሚል ማሳውን እስኪጥለቀለቅ ያጠጣል።

ስጋቱ አይፈረድበትም፤ ውኃው ግን አይቆይለትም። የሽንኩርት ሥር አጭር ሲሆን አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አያልፍም። ከዚያ በታች የሰረገው ውኃ ማዳበሪያውን አጥቦ ይወርዳል፤ ማሳው ላይ የተኛው ደግሞ ለሥር መበስበስ ያጋልጣል።

በአንድ ጥማድ ወይም ሩብ ሔክታር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት 2 ሺህ 500 ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር ለሚበቃው ማሳ 60 የለቀቀ ገበሬ 75 ሺህ ሊትር አባክኗል። ይህም ባለ 20 ሊትር 3 ሺህ 750 ጀሪካን ሲሆን ከግርጌ ያለው ጎረቤት የሚጠብቀው ውኃ ነው።

በመሆኑም መፍትሔው ከአንድ ገበሬ ይልቅ በውኃ ተጠቃሚዎችና በውኃ አባቱ እጅ ነው። ተራው በየ12 ቀኑ የሚደርስ ከሆነ፣ ሁሉም የሰዓቱን ግማሽ ቢወስድ በ6 ቀን ይመለሳል። የወንዙ ውኃ ሳይጨምር ሽንኩርቱ በሚፈልገው መንገድ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠጣል።

ማሳው መጠማቱን ለማወቅ ከተክሉ አጠገብ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ አፈሩን በእጅ መጨበጥ ይበቃል። ተጨብጦ ካልተበተነ ገና እርጥበት አለው፤ ከፈረሰ ውኃ ይሻል። አሸዋማ አፈር ግን እርጥብ ሆኖም ሊበተን ስለሚችል ቅዝቃዜውንም በጣት መዳሰስ ይገባል። ችግኙ እስኪጸድቅና ራስ በሚቋጥርበት ወቅት ውኃ ሊጓደልበት አይገባም።

ቅጠሉ መተኛት ሲጀምር ውኃው ይቆማል። ክብደት ይጨምራል በሚል እስከ ምርት መሰብሰቢያ ማጠጣት ግን ኪሳራው ኋላ የሚታይ ስሌት ነው፤ አንገቱ ሳይደርቅ የተነቀለ ሽንኩርት በጎተራም ሆነ በነጋዴ መጋዘን ቶሎ ይበሰብሳል። ለማቆየት የሚገዛ የከተማ ነዋሪም አንገቱን ጫን አድርጎ ቢያይ ይለየዋል፤ ከለሰለሰ በቶሎ የሚበላ እንጂ የሚቀመጥ አይደለም።