ጊንጥ የሚታወቀው በመቆንጠጫው ነው

ከመተማ ዮሐንስ በጋላባት በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሰሊጥና ማሽላ ለማጨድ በየዓመቱ ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ የሚያድረው በዚሁ መሬት ላይ ነው። ስንጥቁ፣ ድንጋዩ፣ የማገዶው ክምርና የሰሊጡ ነዶ ሁሉ ለጊንጥ መጠለያ ይሆናሉ። ቀን ተደብቆ ይውላል፤ ሲመሽ ለአደን ይወጣል።

ጊንጥ ሲታይ የሁሉም ዓይን ወደ ጅራቱ ነው። ማንነቱን የሚናገረው ግን መቆንጠጫው ነው። ሰው ሊገድሉ የሚችሉት ጊንጦች ከሞላ ጎደል በሙሉ ቡቲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ የአብዛኞቹም መቆንጠጫ ቀጭን ነው። ያደኑትን ጨፍልቀው የሚገድሉበት ጉልበት ስለሌላቸው የሚተማመኑት በመርዛቸው ነው። መቆንጠጫው ሰፊና ድብልብል የሆነው በአንጻሩ ምግቡን ጨምቆ ስለሚሰባብር መርዙ ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው።

በሱዳን እጅግ የሚፈራው ሌይዩረስ ኩዊንኩዌስትሪያተስ የተባለው ቢጫ ጊንጥ ነው። ርዝመቱ እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መቆንጠጫውም ጅራቱም ቀጫጭን ስለሆኑ ለማያውቀው ሰው አቅመ ቢስ ይመስላል። ከመርዙ ቋት ቀጥሎ ያለው የጅራቱ አንጓ ብዙውን ጊዜ ጠቆር ማለቱ አንዱ ምልክቱ ነው። መርዙ ነርቭን አውኮ ልብንና ሳንባን ይጎዳል፤ ከአዋቂ ይልቅ ሕፃናትን ይገድላል። ሁለተኛው አደገኛ ወገን ፓራቡቱስ ነው። ጅራቱ ወፍራም ሲሆን፣ ሲቆጣ መንደፊያውን በጅራቱ ጀርባ ላይ እየፋቀ ድምፅ ያሰማል። ቀለሙ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ በቀለም ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

ፓንዲኑረስ የሚባለው ወገን ደግሞ በሱዳንና በኢትዮጵያ ቆላዎች የሚኖር ግዙፍና ጠቋራ ጊንጥ ነው። ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡት ብዙ ናቸው። ሲያዩት ያስደነግጣል፤ ሲነድፍም ያማል፤ ነገር ግን ጤነኛ አዋቂን ለሞት ያደርሳል ተብሎ አይፈራም። ጊንጥ አሳድጋለሁ ለሚል ሰው የሚሆነው ይህ ብቻ ነው። ቀጭን መቆንጠጫ ያለውን ሕፃናት ባሉበት ቤት ማኖር ጨርሶ አይገባም።

ወገኑን ለማረጋገጥ ጊንጡን በረጅም ወረንጦ አንሥቶ በሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ማድረግና ከሥር መመልከት ይቻላል። በእግሮቹ መነሻ መካከል ያለችው ትንሽ ሰሌዳ በቡቲዴዎች ብዙውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን፣ በእነፓንዲኑረስ አምስት ማዕዘን ናት። ከእርሷ በስተኋላ ጥርስ ያላቸው ሁለት የአካል ክፍሎች ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ ጊንጥ መሬቱን የሚዳስሰውና ሽታ የሚለየው በእነርሱ ነው። የወንዱ ከሴቷ ይረዝማል። በጨለማ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ቢበራበት ማንኛውም ጊንጥ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ቅርፊቱን ገና የጣለው ብቻ አያበራም። ይህ ባትሪ ከመኝታ በፊት ዳስንና ጫማን ለመፈተሽም ይረዳል።

ከሜዳ የተያዘ ጊንጥ ዕድሜው አይታወቅም፤ እርጉዝም ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ነጫጭ ወይም ቀያይ ነጠብጣቦች ከታዩ ጥቃቅን ጥገኛ ተባዮች ናቸውና ለብቻው ተለይቶ መጠበቅ አለበት። ሁለት ጊንጥ በአንድ ዕቃ አይቀመጥም፤ አንዱ ሌላውን ሊበላ ይችላል። ዕቃው ጥብቅ ክዳንና ጥቃቅን መተንፈሻ ይኑረው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈርና አሸዋ ጠቅጥቆ መሙላት፣ የሚደበቅበት ጠፍጣፋ ድንጋይ በደንብ አስደግፎ ማኖር፣ አንዱን ጥግ ብቻ አልፎ አልፎ ማርጠብና ጥልቀት በሌለው ክዳን ውኃ ማስቀመጥ ይበቃል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይስማማዋል። የገዳሪፍ ሙቀት በሚያዝያ 40 ዲግሪ ስለሚደርስ ዕቃው ፀሐይ ላይ ከዋለ ጊንጡ ይሞታል።

ለምግብ በሳምንት አንድ ፌንጣ ወይም በረሮ ይበቃዋል፤ ለሳምንታት ሳይበላ መቆየትም ይችላል። ፀረ ተባይ ከተረጨበት የሰሊጥ ማሳ የተያዘ ፌንጣ ግን ይመርዘዋል። ቅርፊቱን ሊጥል ሲል መብላት ያቆማል፤ በዚያ ጊዜ በሕይወት የቀሩ ነፍሳት አብረውት እንዳይኖሩ ማውጣት ነው። ጊንጥ እንቁላል አይጥልም፤ ነፍስ ያላቸው ልጆች ይወልዳል። ልጆቹ የመጀመሪያ ቅርፊታቸውን እስኪጥሉ በእናታቸው ጀርባ ላይ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ከተረበሸች ልጆቿን ልትበላቸው ስለምትችል ዕቃዋን መነካካት አይገባም።

የተነደፈ ሰው ቢኖር ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥም ሆነ እጅና እግርን ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል። በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ሰውየውን አረጋግቶ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው የሚበጀው። በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ ማስመለስ፣ ብዙ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር እስኪታይ መጠበቅ አይገባም።

ይህ እንስሳ ለሰው ጥቅምም አለው። ማሳን የሚያጠፉ ነፍሳትን እያደነ ይበላል። ከዚያው ከሚፈራው ቢጫ ጊንጥ መርዝ የተገኘው ክሎሮቶክሲን የአንጎል ዕጢ ሴሎች ላይ ስለሚጣበቅ፣ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ጊዜ ዕጢውን ከጤነኛው ለይተው እንዲያዩ ለመርዳት ተጠንቶበታል። ማሳደግ የማይችል ሰው ጊንጡን ድንበር አሻግሮ ከመሸጥ ይልቅ ሲመሽ ወደተያዘበት ቦታ፣ ከሰው መኖሪያ ራቅ አድርጎ ይመልሰው። መቆንጠጫን አይቶ መለየትን ለልጆችና አዲስ ለመጡ አጫጆች ማስተማር ደግሞ ጊንጥ የሚያሳድገውም የማያሳድገውም ሰው ሊያደርገው የሚገባ ነው፤ የትኛው ንድፊያ ፈጥኖ ወደ ሐኪም እንደሚያስሮጥ የሚያውቅ ሰው በአጠገብ መኖሩ ሕይወት ያተርፋልና።