ያለ ሽቦ የሚታዘዙ መጫወቻዎች የኃይል ምንጭና ግንኙነት

የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው «ፓወርድ አፕ» በተሰኘው የመገጣጠሚያ መጫወቻ፣ ሞተሮቹ በሽቦ ከመቆጣጠሪያ ሣጥን ጋር ይያያዛሉ። አነስተኛው ሣጥን በ6 ቀጫጭን የባትሪ ድንጋዮች ሲሠራ፣ ትእዛዝ የሚቀበለው በብሉቱዝ ነው። ሪሞት ኮንትሮሉም የራሱ 4 ድንጋዮች አሉት። ለማገናኘት የሁለቱንም አረንጓዴ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ነጭ መብራት በአንድ ቀለም ጸንቶ ሲበራ ግንኙነቱ ተፈጽሟል ማለት ነው።

በተከታታይ የተያያዙ 6 ባለ1.5 ቮልት ድንጋዮች 9 ቮልት ይሰጣሉ፤ እየተሞሉ የሚያገለግሉት ባለ1.2 ቮልት ድንጋዮች ግን 7.2 ቮልት ብቻ ይሰጣሉ። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ሲዘገይ፣ ተማሪው የተሳሳተ መስሎት ትክክለኛ ሥራውን ሊያፈርስ ይችላል። ስለሆነም መምህሩ የተማሪውን ስሕተት ከመፈለጉ በፊት ኃይሉን መመርመር፣ ዕቅድ አውጪውም የድንጋዩን ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ደምሮ መያዝ ይገባዋል።