ከጦሩ በፊት ጎተራው

እኔ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፤ የጦርነት ጌምም የምመዝነው በጎተራው ነው። ወታደሩ ምን በልቶ ይዋጋል? መሣሪያውን ማን ገዛለት? ይህን የማያስጠይቀኝ ጌም ቶሎ ይሰለቸኛል።

በዚህ ሚዛን አሁንም የሚደርስበት ያጣሁለት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ነው። ሲጀመር ያለህ አንድ የመንደር ማዕከል፣ ሦስት መንደርተኞችና አንድ ፈረሰኛ ቃኚ ብቻ ነው። በግ ታርዳለህ፣ እንጨት ትቆርጣለህ፣ ታርሳለህ። አንድ መንደርተኛ ለመጨመር 50 ምግብ ይከፈላል። አንድ ቤት የሚያስጠልለው 5 ሰው ስለሆነም ቤት ሳትሠራ ሕዝብህ አይበዛም። ጀማሪ የሚሸነፈው ጦር ሜዳ ላይ አይደለም፤ ወታደር ላሰልፍ ብሎ ገበሬ ማውጣቱን የተወ ዕለት ነው።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ጌም የገባችው እ.ኤ.አ. በ2015 «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» በተባለው ተጨማሪ ክፍል ነው። ቀስተኞቿ ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ፤ ወደ አዲስ ዘመን በተሸጋገረች ቁጥር ምግብና ወርቅ ይመረቅላታል። ባለ ሾተሉ ወታደሯ ምቱ ከባድ፣ ገላው ግን ስስ ነው፤ ቀስተኛ ፊት ማሰለፍ መማገድ ነው። መንደርተኞቹን ስታዛቸው በአማርኛ ይመልሱልሃል። የዘመቻው ባለታሪክ ደግሞ ዮዲት ናት። አክሱምን አጠፋች ተብለን ያደግንባትን ሴት ጦር ራስህ ትመራለህ! እኔ ወድጄው ተጫወትኩት፤ እናቴ ግን ስሟን ስትሰማ አማተበች።

ሲቪላይዜሽን በተባለው ሌላ ጌም አምስተኛ ክፍል ኢትዮጵያን የሚመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ በስድስተኛው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በአምስተኛው «የዓድዋ መንፈስ» የሚባል ጸጋ አለን፤ ከእኛ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው አገር ጋር ስንዋጋ ጦራችን 20 በመቶ ይበረታል። እናም ጥቂት ከተማ ይዞ መቀመጥ ያዋጣል። ጨዋታው ተራ በተራ ስለሆነ ቡና እየጠጡም ይቻላል።

ካውንተር ስትራይክን ተኩስ ብቻ አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው። ግን እዚያም መሣሪያ የሚገዛው ዙሩ ሲጀመር፣ ካለህ ገንዘብ ላይ ነው። ኪሱ የሳሳ ቡድን አንዱን ዙር በሽጉጥ አሳልፎ ለሚቀጥለው ይቆጥባል። የሞተም ዙሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ያያል። ኮል ኦፍ ዲዩቲን ከሰው ጋር ስትጫወት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተህ ወዲያው ትነሣለህ። ለእኔ አልሆነኝም።

የከበደኝ ሃርትስ ኦፍ አይረን አራት ነው። የሚጀምረው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያን ከመረጥክ የጣልያን ጦር ቀድሞ ገብቶልሃል። ሰው አለህ፤ በቂ ፋብሪካና ጠመንጃ ግን የለህም። የንብረት ክፍል ሰው ጉድለት ሲያይ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። ማይጨው ላይ ጀግንነት ለምን ብቻውን እንዳልበቃ ከዚህ ጌም የትጥቅ ሠንጠረዥ የበለጠ ያስረዳኝ መምህር የለም።

ከሁሉም ግን የፖላንዱ 11 ቢት ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ዲስ ዎር ኦፍ ማይን ይለያል። መነሻው የሳራዬቮ ከበባ ነው። እዚህ ወታደር አይደለህም፤ በተከበበች ከተማ ውስጥ ፍርስራሽ ቤት የተጠለሉ ሰዎችን ታኖራለህ። ቀን ምድጃና አልጋ ትሠራለህ፤ ሌሊት የሚበላና መድኃኒት ፍለጋ ትወጣለህ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት አሉ። ያላቸውን ብትወስድባቸው የሚያስቆምህ የለም፤ ግን የአንተው ሰዎች በጸጸት ይጎዳሉ። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ጌም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ ንባቦች ጋር መድባዋለች።

ልጃችሁ የጦርነት ጌም ካለ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን ጫኑለት፤ ስለ እርሻም ይማርበታል። ዲስ ዎር ኦፍ ማይንን ግን ከፍ እስኪል አቆዩት፤ ሲጫወተውም ብቻውን አትተዉት።