የስህተት መልእክት መፈተሽ ሥራ ነው ወይ?

የደም ግፊት ለመለካት ኩፓት ሖሊም የመጡ አንዲት እናት በቅርቡ እንዲህ አሉን፦ «ልጄ ከሠራዊት ከወጣ ወዲህ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ምን ትሠራለህ ስለው የስህተት መልእክት እፈትሻለሁ ይለኛል። አሁን ደግሞ ለኩርስ ገንዘብ ስጪኝ አለ። ይህ ሥራ ነው ወይ?» እኛ ነርሶች ነን፤ ነገሩ ግን ከእኛ ሥራ ብዙም ስለማይርቅ የተረዳነውን እንጻፍ።

ፕሮግራም ሲጻፍ ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ወደሚሠራበት ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ስህተት ካገኘም አልቀበልም ይላል። የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ በ2015 የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋ በዚህ ጥብቅ ነው። አንድ ሰው «መጠን» ብሎ 5 ካስቀመጠ በኋላ ቁጥሩን 10 ሊያደርገው ቢሞክር፣ እንደሚለወጥ አስቀድሞ ካልተናገረ ኮምፓይለሩ ያስቆመዋል። ሳይታሰብ የተለወጠ ቁጥር ምን እንደሚያደርስ የመድኃኒት መጠን የሚመዘግብ ሰው ያውቃል።

ኮምፓይለሩ ከልክሎ ብቻ አይተወውም። ቁጥሩ መጀመሪያ የተሰጠበትን መስመር ያሳያል፣ ቀጥሎም ከስሙ ፊት አንዲት ቃል እንዲጨመር ይመክራል። (ቃሏ «ሊለወጥ የሚችል» ለማለት ከእንግሊዝኛ ያጠረች ናት፤ በእኛ ፊደል ስትጻፍ «ሙት» ትሆናለችና አትደንግጡ።)

ምክሩ ራሱ የተሳሳተ ቢሆንስ? ጀማሪው አምኖ ይከተለዋል። ስለዚህ ፈታሾች ሆን ብለው ስህተት ያለበት አጭር ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ኮምፓይለሩ ሊሰጥ የሚገባውን መልስም በሌላ ፋይል ያስቀምጣሉ። ኮምፓይለሩ ሲሻሻል ሁለቱ ይነጻጸራሉ፤ ልዩነት ከተገኘ ፈተናው ወደቀ ማለት ነው። አንዳንዱ ፈተና ደግሞ ምክሩን በፕሮግራሙ ላይ ፈጽሞ፣ የታረመው በእርግጥ ማለፉን ያያል።

ከባዱ ቁጥሩ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ሲሆን ነው። ያቺ ቃል ብቻ ብትጨመር ቅጂው ይለወጣል፣ ዋናው ግን እንዳለ ይቀራል፤ ኮምፓይለሩም አያስቆመውም። በክትባት ካርድ ፎቶኮፒ ላይ አርሞ ዋናውን እንደመርሳት ነው። ለዚህ ኮምፓይለሩ ሁለት ምክር ይሰጣል፦ አንዱ ለቅጂው፣ አንዱ ለዋናው። መምረጡ የጸሐፊው ነው፤ ሁለቱም መውጣታቸውን ማረጋገጥ የፈታሹ ነው።

የሚጠበቀውን መልስ በአንድ ትእዛዝ ማደስም ይቻላል። ትእዛዙ «ባርክ» እንደማለት ነው። አዲሱን መልስ ሳያነብ የሚባርክ ፈታሽ ስህተቱን ትክክል ብሎ መዘገበው ማለት ነው። እኛም ሳንለካ የትናንቱን የደም ግፊት ብንጽፍ ያው ነው።

ለእናቲቱ የመለስነው እንዲህ ነበር። ልጅዎ የያዘው ሥራ ነው፤ ሆኖም በዚህ ቋንቋ ላይ ብዙዎች ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት ይሠራሉ። ኮምፓይለሩም ፈተናዎቹም ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ያለ ኩርስ ገብቶ ማንበብ፣ የራሱንም ፈተና ማቅረብ ይችላል። ተቀባይነት ካገኘ ለቀጣሪ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ለኩርስ ከመክፈልዎ በፊት ግን እስካሁን የጻፈውን አንድ ፈተና ያስረዳዎት፤ ምን እንደሚጠብቅና ለምን እንደሚወድቅ። ኩርሱን የሚሸጡትንም ተማሪው እንዲህ ያለ ፈተና በእጁ ይጽፍ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ መልሱንም ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በጽሑፍ ይቀበሉ።