ስፖርት ስለ መለወጥ፤ የአበበ ቢቂላ ቀስትና የማይክል ጆርዳን ዱላ

በቦሌ ሚካኤል አካባቢ 23 ቁጥር የታተመበት ቀይ ካናቴራ የለበሰ ወጣት ማየት የተለመደ ነው። ቁጥሩ የአሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የማይክል ጆርዳን ነው። ይህ ጽሑፍም የተነሣው እንዲህ ያለ ካናቴራ ከለበሰ አንድ የሰፈር ልጅ ጋራ በተደረገ ጭውውት ነው። ልጁ፣ «ጆርዳን የሚያውቀውን ትቶ ቤዝቦል መሞከሩ ክብሩን አዋረደው» አለ። «ከእኛ አገርስ እንዲህ ያደረገ ሰው ታውቃለህ?» ብለው፣ «የለም» ሲል መለሰልኝ።

መልሱ ልክ አልነበረም። ከስፖርተኞቻችን ሁሉ ስሙ የገነነው ሻምበል አበበ ቢቂላ ከሩጫ በኋላ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል፤ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫውቷል፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታችም ቀድሞ ገብቷል። ይህን የሕይወቱን ክፍል ብዙዎቻችን አናነሣውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ታላቅ ስፖርተኛ ወደ ሌላ ስፖርት ሲሻገር ምን ይዞ እንደሚሄድና ምን ጥሎ እንደሚሄድ በሁለቱ ሰዎች ታሪክ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል። ርቀት መለወጥና ስፖርት መለወጥ አንድ አይደሉም። ማሞ ወልዴ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ የሮጠው 800 እና 1500 ሜትር እንዲሁም የ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በ10,000 ሜትር የብር፣ በማራቶን ደግሞ የወርቅ ሜዳይ አገኘ። ለውጡ ትልቅ ቢሆንም ሥራው ያው ሩጫ ነው፤ የሚሠሩት እግር፣ ልብና ሳንባ ናቸው። ስፖርት የለወጠ ሰው ግን በአዲሱ ቦታ ጀማሪ ይሆናል። አስቸጋሪውም ነገር ይህ ነው።

የጆርዳን ታሪክ ይህን በቁጥር ያሳያል። ቡድኑ የቺካጎ ቡልስ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ አባቱ በ1985 ዓ.ም. ክረምት በሰው እጅ ተገደሉ። እሱም በመስከረም 1986 ዓ.ም. ቅርጫት ኳስ ማቆሙን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ልጅ ሳለ የተጫወተውንና አባቱ የሚወዱትን ቤዝቦል ለመሞከር ተነሣ። የገባውም በርሚንግሃም ባሮንስ ወደሚባል የበታች ሊግ ቡድን ነው። ይህ ሊግ ከዋናው ሊግ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ፣ ወጣቶች ተፈትነው የሚያልፉበት ነው። በዓለም የታወቀው ሰው ከእነሱ ጋራ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየተጓዘ ተጫወተ። አንድ የታወቀ የስፖርት መጽሔት ሙከራውን እንዲተው በሽፋኑ ላይ ጽፎበት ነበር።

ቤዝቦልን ላላየ አንባቢ ከገና ጨዋታ ጋራ አንድ የሚያደርገው ኳስን በዱላ መምታቱ ነው። ልዩነቱ ግን በገና ጨዋታ ኳሱ በአብዛኛው መሬት ለመሬት ሲሄድ፣ በቤዝቦል ባላጋራው ኳሱን በእጁ ወደ መቺው መወርወሩ ነው። በወርዋሪውና በመቺው መካከል ያለው ርቀት 18 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይህን ርቀት ለመጨረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። መቺው በዚህች ቅጽበት ኳሱ ቀጥ ብሎ ይመጣ ወይም ይታጠፍ እንደ ሆነ ለይቶ ዱላውን መሰንዘር አለበት። ይህ በጡንቻ ኃይል ብቻ የሚሆን አይደለም። ዓይን ብዙ ሺህ ኳስ አይቶ፣ ከወርዋሪው ትከሻና ጣት እንቅስቃሴ የሚመጣውን አስቀድሞ ማንበብ መልመድ አለበት።

ጆርዳን በመጀመሪያ 13 ጨዋታ ተከታትሎ ሲመታ ሰው ሁሉ ተደነቀ። ወርዋሪዎቹ ግን የሚታጠፍ ኳስ እንደሚያስቸግረው ዐወቁበት። በዚያ ወቅት በ127 ጨዋታ ውስጥ በመቺነት ከተቈጠሩለት 436 ተራዎች የተሳካለት 88 ጊዜ ነው፤ ይኸውም ከአምስቱ አንድ ያህል መሆኑ ነው። 114 ጊዜ ደግሞ ኳሱን ስቶ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ከዚሁ መዝገብ አንድ ሌላ ቁጥር እናገኛለን። ወርዋሪው ሳይጠነቀቅ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በመሮጥ 30 ጊዜ ማረፊያ ሰርቋል። ከቅርጫት ኳስ ይዞት የመጣው እግር አገልግሏል፤ ቤዝቦል የሚጠይቀው ዓይን ግን ገና አልተሠራም ነበር። ከዚያ ወቅት በኋላ በአሪዞና በተደረገው የመጸው ሊግ ከአራቱ አንድ ያህል መምታቱ ደግሞ ዓይኑ በመሠራት ላይ እንደ ነበረ ያመለክታል። በመጋቢት 1987 ዓ.ም. ወደ ቅርጫት ኳስ ተመለሰ፤ ከ1988 እስከ 1990 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ።

ጆርዳን በፈቃዱ ሄዶ በፈቃዱ ተመልሷል። የአበበ መንገድ ግን መመለሻ አልነበረውም።

አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዋዜማ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ እንዳሸነፈ የማያውቅ የለም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ብዙ ሳይቈይ ደገመው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ግን ይነዳው የነበረው ቮልስዋገን ተገለበጠ። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ታከመ፤ እጆቹ ቢመለሱለትም እግሮቹ ሳይመለሱ ቀሩ።

ያ ሆስፒታል እንዲያው የአልጋ ቦታ ብቻ አልነበረም። ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉት ሐኪም የአከርካሪ ጉዳት ለደረሰባቸው ሰዎች ስፖርትን እንደ ሕክምና የጀመሩት በዚያ ነው። በ1940 ዓ.ም. 16 ተወዳዳሪዎች ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀስት እንዲወረውሩ አደረጉ። ቀስት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀስት መሳብ የእጅን፣ የትከሻንና የጀርባን ጡንቻ ያጠነክራል፤ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ተደግፎ ሳይሆን ራሱን ችሎ ለመቀመጥ የሚያስፈልጉት ጡንቻዎችም እነዚሁ ናቸው። ውድድሩ እያደገ ሄዶ በመስከረም 1953 ዓ.ም. በሮም ተደረገ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቈጠረው ይህ ነው። አበበ በሮም ጐዳና ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ በዚያችው ከተማ ተሽከርካሪ ወንበር የያዙ ስፖርተኞች ውድድራቸውን ከፈቱ ማለት ነው።

አበበ በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር የተጠራው በእንግድነት ነበር፤ እሱ ግን በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ገባ። በበረዶ ላይ በተደረገው የውሻ ተንሸራታች ውድድርም 16 ተወዳዳሪዎች በነበሩበት በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ይመጣል፤ አበበ ከሩጫው ይዞት የሄደው ምንድር ነው? እግሩ ቀርቷል። ማራቶን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚለካ ሥራ ሲሆን፣ ቀስት ግን በጥቂት ሴኮንዶች እጅን አጽንቶ መልቀቅ ነው። የጡንቻው ልምድ እምብዛም አይረዳም። የሚሻገረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በየቀኑ ያንኑ ደጋግሞ መሥራት፣ ድካምንና ሕመምን ችሎ መቀጠል፣ ከሁሉም በላይ ትናንት በዓለም አንደኛ የነበረ ሰው ዛሬ በጀማሪ ወረፋ ለመቆም አለማፈሩ ነው። ጆርዳን በበርሚንግሃም ያሳየውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ስፖርት በመጀመሪያው ሚዛን መመዘን ስሕተት ይመስለኛል። በሮም የምንለካው ሰዓቱን ነው፤ በስቶክ ማንድቪል ግን የምንለካው ከአልጋ እስከ ቀስት ድረስ ያለውን መንገድ መሆን ይገባዋል።

ነገሩ የታሪክ ብቻ አይደለም። የአበበን የመጨረሻ ዓመታት «አሳዛኝ ፍጻሜ» ብለን ብቻ ስንተርክ፣ በክፍላችንና በሰፈራችን በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው ሰው ሳናስበው የምንነግረው ነገር አለ፤ ስፖርት ላንተ አበቃ ማለታችን ነው። አበበ ራሱ እንዲህ አላለም። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በወንበሩ በተገኘ ጊዜ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት፤ የማራቶኑ አሸናፊ ፍራንክ ሾርተርም ሜዳዩን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ ጨበጠው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐርፎ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ባለ ካናቴራውን ልጅ በሌላ ቀን አግኝቼ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ታዲያ ለምን በትምህርት ቤት አላስተማሩንም?» አለኝ። ጥያቄውን ለመምህራኖቻችንና ለእኛም፣ ነገ መምህራን ለምንሆነው፣ አቀርበዋለሁ።