ለድካም ቁና ይገኝለታል?

ጤፍ በቁና ይሰፈራል። መሬት በገመድ ይለካል። ቅቤ በሚዛን ይመዘናል። የሰው ድካም ግን በምን ይለካል? በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለዚህ ነው። የምናነሣውም የፖሊስን ድካም ነው።

«የፖሊስ ድካም እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እኛም አስተማሪዎቹ መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በአዘና የማታ ትምህርት ላይ የሰማነው ነገር ነው።

አንድ ማታ የቁጥር ትምህርት ጨረስን። ሰው ሁሉ ሲወጣ አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ቀሩ።

«ምነው እትዬ፣ ትምህርቱ ከበደዎት?» አልናቸው።

«ትምህርቱስ አልከበደኝም ልጆቼ፤ የከበደኝ ቤቴ ነው» አሉን። «ባለቤቴ ፖሊስ ነው። ድሮ ከሥራ ሲመጣ ልጆቹን አቅፎ ነበር የሚገባው። አሁን ሲገባ አይናገር፤ ሲናገርም ቁጣ ነው። እንቅልፍ የለው። የለፋሁት ሁሉ ከንቱ ነው ይላል። ታሟል እንዳልል አካሉ ደህና ነው። እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ ለመሆኑ ይህ ነገር ስም አለው?»

ያን ዕለት መልስ አልነበረንም። መጻሕፍት አገላብጠን ያገኘነውን ይኸው ጻፍን።

ስሙ ማነው?

ነገሩ ስም አለው። የሥራ ዝለት ይባላል። ዝለት ከተራ ድካም ይለያል። ገበሬ ሲያርስ ውሎ ማታ ይደክመዋል። እራቱን በልቶ ተኝቶ ሲያድር ግን ጉልበቱ ይመለሳል። ዝለት አድሮም አይለቅም። ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት እየተጠራቀመ የሚመጣ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ስለ ዝለት የማያሻማ ቃል ሰጥቷል። ዝለት በሽታ አይደለም፤ ከሥራ የሚመጣ ችግር ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ጭንቀት መላ ሳይበጅለት ሲቆይ ይፈጠራል ብሏል። ስለዚህ የዛለ ሰው ሰነፍ አይደለም። እብድም አይደለም።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ልብ ይደክማል፤ ሰውየው ውስጡ ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ሰውን እንደ ዕቃ ያያል፤ የሰው ለቅሶ አይሰማውም። ሦስተኛ፣ ሥራዬ ዋጋ የለውም ይላል።

እንዴት ይለካል?

ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን አንድ መለኪያ አዘጋጁ። ዘመኑ በፈረንጆች ቁጥር 1981 ነበር። መለኪያው ብረት ወይም መሣሪያ አይደለም። 22 ዓረፍተ ነገሮች የተጻፉበት ወረቀት ነው። ሠራተኛው እያንዳንዱን አንብቦ «ይህ ስሜት ስንት ጊዜ ይደርስብኛል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከዚያ ከ0 እስከ 6 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ይመርጣል። 0 ማለት ፈጽሞ አይደርስብኝም ነው። 3 ማለት በወር ጥቂት ጊዜ ነው። 6 ማለት በየቀኑ ነው።

ከ22ቱ ውስጥ 9ኙ ስለ ልብ ድካም ይጠይቃሉ። 5ቱ ሰውን እንደ ዕቃ ስለማየት ይጠይቃሉ። 8ቱ ደግሞ ሰው በሥራው ስለሚያገኘው እርካታ ይጠይቃሉ።

እስቲ የተማርነውን ሒሳብ እንሞክር። አንድ ፖሊስ ስለ ልብ ድካም ለሚጠይቁት 9 ጥያቄዎች ሁሉ 3 ቢሞላ፣ 9 ጊዜ 3 ስንት ይሆናል? 27 ይሆናል። ለሁሉም 6 ቢሞላ 54 ይሆናል። ብዙ አጥኚዎች 27ንና ከዚያ በላይ ያለውን ከፍተኛ ድካም ነው ሲሉ ቆይተዋል። ሦስቱ ክፍሎች ለየብቻ ይደመራሉ እንጂ አይቀላቀሉም። ጤፍና ባቄላ በአንድ ቁና ተቀላቅሎ እንደማይሰፈር ማለት ነው። በሦስተኛው ክፍል ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚያሰጋው።

እነዚሁ ሁለት ምሁራን በፖሊሶች ላይም ጥናት አድርገዋል። 142 ፖሊሶችንና ሚስቶቻቸውን ጠየቁ። ልቡ የዛለው ፖሊስ ወደ ቤቱ ሲገባ ተቆጥቶና ተጨንቆ እንደሚገባ፣ ከቤተሰቡም እየራቀ እንደሚሄድ ሚስቶቹ መሰከሩ። እኒያ እናት በአዘና የነገሩን የባሕር ማዶ ሴቶችም የተናገሩት ነው።

ፖሊስ ለምን ይዝላል?

ፖሊስ በአገራችን በአዋጅ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጠ። አዋጁ ቢለዋወጥም የሥራው ጠባይ አልተለወጠም። ፖሊስን በሠርግና በድግስ ቀን ማንም አይጠራውም። የሚጠራው ሌባ ሲገባ፣ ሰው ሲጎዳ፣ ሬሳ ሲገኝ ነው። ሌላው በበዓል ከቤቱ ሲውል እሱ ተረኛ ነው። ከላይ አለቃ ያዘዋል፤ ከታች ሕዝብ ያማዋል።

በክልላችን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ግጭት ተነሥቶ በሐምሌ ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን የገበሬውም የፖሊሱም ሸክም ይበዛል።

እኛን ምን አገባን?

አንድ ገበሬ በሬው ተሰረቀ እንበል። ወደ ጣቢያ ሄዶ አቤት ይላል። የዛለው ፖሊስ ቀና ብሎ ሳያየው «ነገ ተመለስ» ይለዋል። በማግሥቱም እንዲሁ። ገበሬው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ከዚያ የጠረጠረውን ሰው ራሱ ሊይዝ ይነሣል። ዱላ ይነሣል፤ ደም ይፈሳል፤ ቂም ለልጅ ይተርፋል። በአንድ ሰው ዝለት የጀመረ ነገር ሁለት ቤት አፈረሰ ማለት ነው።

ይህን ስንል ጥፋትን ሽፋን መስጠታችን አይደለም። ዝለት ሰውን ለመስደብ ወይም ለመምታት ፈቃድ አይሆንም። የተበደለ ሰው አቤት ማለት መብቱ ነው። የአዊ ሰው ግን ፈረስ ያውቃል። ፈረሱ እስኪወድቅ አይጠብቅም። ኮርቻውን አንሥቶ ጀርባውን ያያል። ቁስል ካለ ሸክሙን ያወርዳል። መለካት ማለት ይኸው ኮርቻ አንሥቶ ማየት ነው።

ትክክለኛ ልኬት

ቁናው ከተቆረጠ ልኩ ይዛባል። የዝለት ልኬትም እንዲሁ ነው። በወረቀቱ ላይ ስም ሊጻፍበት አይገባም። አለቃ አጠገብ ቆሞ ሊያስሞላ አይገባም። ውጤቱ ሰውን ለማባረር መዋል የለበትም። «ዝያለሁ ካልሁ እባረራለሁ» ብሎ የፈራ ሰው ሁሉንም 0 ይሞላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጥያቄዎቹም ሰው በሚገባው ቋንቋ መቅረብ አለባቸው፤ አማርኛ ለሚናገር በአማርኛ፣ አዊኛ ለሚናገር በአዊኛ።

ልኬት ብቻውን አያድንም። ማስላክና ባልደረባዋ ዝለት የሚመጣባቸውን ስድስት በሮች ቆጥረዋል፤ የሥራ መብዛት፣ በራስ ሥራ ላይ መወሰን አለመቻል፣ የድካም ዋጋ ማጣት፣ ከባልደረባ አለመስማማት፣ አድልዎ፣ ኅሊና የማይቀበለውን መሥራት። ሁሉም የሥራው ችግሮች ናቸው። ስለዚህ ሰውየውን «በርታ» ማለት ብቻ አይበቃም። ተረኛ መጨመር፣ ዕረፍት መስጠት፣ አድልዎን ማስቀረት ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ለእኒያ እናት ሦስቱን ምልክቶችና ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈን ሰጠናቸው። በሳምንቱ ወረቀቱን ይዘው መጡ።

«አነበብሁለት» አሉን። «ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም አለ። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍሁ።»

በወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ። የሰው ምስጢር ነውና ስንት እንደሆኑ እዚህ አንገልጽም። ቁጥሮቹን የጻፉት ግን እሳቸው ናቸው። ከሦስት ወር በፊት እርሳስ ይዘው አያውቁም ነበር።

አዲስ ቃላት
ዝለት፦ አድሮም የማይለቅ የሥራ ድካም
ልኬት፦ መለካት
አድልዎ፦ አንዱን ከሌላው ለይቶ መጥቀም

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ዝለት ከተራ ድካም በምን ይለያል?
2. በወረቀቱ ላይ ስም የማይጻፈው ለምንድን ነው?
3. 8 ጊዜ 6 ስንት ነው?
4. ከፖሊስ ሌላ በአካባቢያችሁ ሊዝል የሚችል ሠራተኛ ማን ነው? ሸክሙን ማን ሊያቀልለት ይችላል?