ከግጭት በኋላ፤ ሙዙ ሳይበላሽ ካሣውም ሳይቀር

ከአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ከላንቴና ከጫኖ ሚሌ እርሻዎች ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ አይሱዙ የምዕራብ ዓባያ መንገድ ቀላል አይደለም። ከብት በአስፋልቱ ይነዳል፤ ባጃጅ ከጎን ብቅ ይላል፤ ሾፌሩም ለማለዳው ገበያ ለመድረስ ይቸኩላል። ግጭት ሲደርስ ባለጭነቱ በስልክ «ተስማሙና ቶሎ ልቀቁ» ማለት ይቀናዋል። ሙዝ አይጠብቅምና ጥድፊያው አይገርምም። ይሁን እንጂ በጥድፊያ የተቋጨ ስምምነት ከአንድ መኪና ሙዝ የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል።

በቅድሚያ ሰው
ሾፌሩ መቆም፣ የተጎዳውን መርዳትና ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታው ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራው በ907 ነው። ሰው ገጭቶ ሳይረዱ መሄድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የጤና ተቋማት ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ ያዛል። አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተመደበው እስከ 2,000 ብር ነበር።

ፕላን ይነሳ
የሰው ሕይወት ለማትረፍ ካልሆነ በቀር ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ሳያነሳ መኪናውን ማንቀሳቀስ አይገባም። ምክንያቱን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ያስረዳል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ግማሽም ያሸክማቸዋል። ጥፋቱ የሌላው ነው የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። ማስረጃው ደግሞ ፕላኑ፣ ፎቶግራፉና የዓይን ምስክሩ ነው። የሌላውን መኪና ሰሌዳ፣ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድና የመድን ሰነዱን በፎቶ ማስቀረት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ፕላኑ ተነስቶ ፖሊስ ሲፈቅድ ጭነቱን ወደ ሌላ መኪና ማዛወር ይቻላል። የተረፈውና የተበላሸው ተለይቶ ይመዘን፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት። ያለዚህ ጽሑፍ በኋላ ከአጓዡም ሆነ ከመድን ካሣ መጠየቅ ይከብዳል።

መድን ምን ይሸፍናል?
ብዙ ነጋዴ ሦስተኛ ወገን ስለገባ ብቻ ሁሉ የተሸፈነ ይመስለዋል። ይህ መድን የሚክሰው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ሞት፣ የአካል ጉዳትና የንብረት ጥፋት ነው። የራስን መኪና ለማስጠገን ሙሉ ዋስትና፣ ለሙዙ ደግሞ የጭነት መድን ለየብቻ መግባት ያሻል። በ2005 ዓ.ም. አዋጁ ለሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት 100 ሺህ ብር ነበር። ጣሪያው ሊሻሻል ስለሚችል የወቅቱን መጠን ውል ሲታደስ ከኩባንያው መጠየቅ ይበጃል። ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ ከባለንብረቱ ኪስ ይወጣል።

በንግድ ሕጉ መሠረት አደጋውን ለመድን ሰጪው በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ክፍያ የመጠየቅ መብት ደግሞ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት ተጎጂው ከመድን ፈንድ መጠየቅ ይችላል።

ሽማግሌና ሕግ
የጋሞ አባቶች የሽምግልና ኃይል የታወቀ ነው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን መመለሳቸው አይዘነጋም። ሰው በሞተበት አደጋም እርቅ በቀልን ያስቀራል፤ በፍርድ ቤትም ቅጣት ሊያቀል ይችላል። ነገር ግን በቸልተኝነት ሰው በመግደል የሚቀርበውን ክስ አያስቀርም። የመድን ውሎችም ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋትን አምኖ መፈረምን ወይም ካሣ መደራደርን አብዛኛውን ጊዜ ይከለክላሉ። ስለዚህ ሽማግሌ ይቀመጥ፤ የገንዘቡ ስምምነት ግን መድን ሰጪው ሳያውቀው አይፈረም።

ለሻጭና ለደላላ
አንቀጽ 2081 ለጉዳቱ ኃላፊ የሚያደርገው የመኪናውን ባለቤት ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። መኪናውን በውክልና ሸጦ ስሙን በሊብሬው ላይ ያስቀረ ሰው፣ ገዢው ባደረሰው አደጋ ፍርድ ቤት ቢጠራ ሊደንቀው አይገባም። ደላላውም ኮሚሽኑን ከመቀበሉ በፊት ስመ ንብረቱ መዛወሩን ቢያረጋግጥ ከክርክር ይድናል።

እንግዲህ መኪናው ጭኖ ከመነሳቱ በፊት የመድን ሰነዱ ቅጂ፣ የኩባንያው ስልክ ቁጥርና የጭነቱ ሰነድ በሾፌሩ እጅ ይኑሩ። ባለጭነቱም ስልክ ሲደወልለት በቅድሚያ የሚጠይቀው «ሰው ተጎዳ ወይ?»፣ ቀጥሎም «ፕላን ተነሳ ወይ?» ይሁን። የሙዙ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።